የጫጩት ጾታ እንዴት ታወቀ? ከካምብሪጅ እስከ ደብረ ዘይት

ከመፈልፈያ ጣቢያ በካርቶን ተጭነው የሚመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶችን የገዛች እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው፣ «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ ቄብ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?» ብላ ነው። ጫጩቶቹን ያመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ፣ «እማማ፣ ሲያድጉ ይታወቃሉ» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እስኪያድጉ ድረስ የሚበሉት መኖ ከእርሷ ጓዳ የሚወጣ ነው። ዐሥር ጫጩት የገዛ ሰው በአማካይ አምስቱ ወንድ እንደሚሆኑበት መቁጠር አለበት፤ ስምንት ወንድ የሚደርሰው ሰውም አለ። እንቁላል ለመሸጥ አስባ ገንዘቧን ላወጣች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ሰው ይህን ጥያቄ በጫጩቱ የመጀመሪያ ቀን ለመመለስ እንዴት እንደበቃ ነው። ነገሩ ተራ የእርባታ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንሥላት ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ ከዶሮ ቤት ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረች የሚያሳይ በመሆኑ ለመምህራንም ሆነ ለተማሪዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ የጫጩት ጾታ የሚያስቸግረው በውጭ የሚታይ ምልክት ስለሌለው ነው። የጥጃ ወይም የግልገል ጾታ እንደተወለደ ይታያል። የወፎች የዘር አካል ግን በሆድ ውስጥ የተሰወረ ነው። ወንዱ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጎላ ብሎ፣ የአንገቱና የጅራቱ ላባ ሾል ብሎ በዓይን የሚለየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ከጫጩቱ ይልቅ እንቁላሉን መመርመር መረጡ። አሪስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ረዥምና ሹል እንቁላል ሴት፣ ክብ የሆነው ደግሞ ወንድ ይሆናል አለ። በመጀመሪያው መቶ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ በበኩሉ ወንድ የፈለገ ሹሉን፣ ሴት የፈለገ ክቡን ያስታቅፍ ሲል መከረ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ተቃራኒውን ሲናገሩ በየዘመኑ አንዱን ወይም ሌላውን የሚያምን አልጠፋም፤ ግማሹ ጫጩት ምንጊዜም ወንድ ስለሆነ ሁለቱም ግማሽ በግማሽ እውነት ሆነው ይገኛሉ። የእንቁላሉ ቅርጽ በእናቲቱ የእንቁላል ቧንቧ ውስጥ የሚሠራ ነው። ውስጡ ወንድ ይሁን ሴት ቧንቧው ምንም አያውቅም።

እውነተኛው መንገድ የተከፈተው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። የሜንዴል ሥራ በ1900 ከተረሳበት ከተነሳ በኋላ እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን ሕጉ በአተር ብቻ ሳይሆን በዶሮም ላይ እንደሚሠራ በ1902 አሳየ። ከእርሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሬጂናልድ ፓኔት ነው። የዘር ውርስ ስናስተምር በሰሌዳ ላይ የምንሥለው ሠንጠረዥ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ተማሪዎቻችን «የፓኔት ሠንጠረዥ» ሲሉ ስሙን የሚያውቁት እንደ አንድ የሒሳብ ሰው ይመስለናል። ሰውየው ግን በ1912 በካምብሪጅ የጄኔቲክስ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላም ዕድሜውን በዶሮዎች መካከል ያሳለፈ ነበር።

በ1908 ዊሊያም ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕላይማውዝ ሮክ በሚባለው ገብስማ ዶሮ ላይ የታየ አንድ እንግዳ ነገር ማብራራት ቻለ። ይህ ዝርያ በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ የወጣ ሲሆን ላባው ጥቁርና ነጭ መስመር እየተፈራረቀበት የሚሄድ ነው። ጥቁር አውራ ከገብስማ እናት ዶሮ ጋር ሲዳቀል ወንዶቹ ልጆች ሁሉ ገብስማ፣ ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር ይሆናሉ። አውራውና ሴቷ ቦታ ሲለዋወጡ፣ ማለትም አውራው ገብስማ፣ ሴቷ ጥቁር ስትሆን ግን ልጆቹ በሙሉ ገብስማ ናቸው። ስፒልማን እንዳለው ይህ የሚሆነው የገብስማነት ጂን ጾታን ከሚወስነው ነገር ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ቀላል ነው። በሰው ዘንድ ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞዞሞች ያሉት ወንዱ ነው። በወፎች ግን ነገሩ ተገልብጦ የተለያዩ ክሮሞዞሞች ያሏት ሴቷ ናት። አውራ ዶሮ ዜድ የሚባለው ክሮሞዞም ሁለት አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። የገብስማነት ጂን የሚቀመጠው በዜድ ላይ ብቻ ነው። ገብስማነትን «ገ»፣ ጥቁርነትን «ጥ» ብለን እንጻፍ። ጥቁሩ አውራ «ጥ ጥ» ነው፤ ገብስማዋ ሴት ግን አንድ ቦታ ብቻ ስላላት «ገ» ብቻ ናት። ወንድ ልጅ አንዱን ዜድ ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ስለሚወስድ «ጥ ገ» ይሆናል፤ ገብስማነት ስለሚያሸንፍ ገብስማ ሆኖ ይወጣል። ሴት ልጅ ከእናቷ የምትወስደው ደብልዩውን ስለሆነ ያላት ዜድ የአባቷ ብቻ ነው፤ እርሷም «ጥ» ናት። ስለዚህ ወንዱ የእናቱን፣ ሴቷ የአባቷን መልክ ይዛ ትወጣለች። ገብስማ የሚሆነው ጫጩት በሚፈለፈልበት ቀን መስመሩ ገና አይታይም። በምትኩ በጥቁሩ ለስላሳ ላባ ላይ፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ ነጭ ነጥብ አለው። ባለ ነጥቡ ወንድ፣ ያለ ነጥብ የሆነችው ሴት ናት ማለት ነው።

ይህ እውቀት ለጥቂት ዓመታት በሊቃውንት መጽሔቶች ውስጥ ከቆየ በኋላ ወደ ዶሮ ቤት የገባው በጦርነት ምክንያት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ የእህል እጥረት ስላጋጠማት ፓኔት ለምግብ ምርት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። እንቁላል ለማይጥል ወንድ ጫጩት እህል ማብላት ብክነት መሆኑን ተመልክቶ፣ አርቢዎች ትክክለኛውን ዝርያ ከትክክለኛው ዝርያ ጋር ቢያዳቅሉ ጾታው በመጀመሪያው ቀን በቀለም ይለያል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሜንዴል ካረፈ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፎ የአተሩ ሕግ እህል ለማዳን ዋለ ማለት ነው።

ሆኖም ዘዴው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። የሚሠራው ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። ገብስማው ወንድ ልጅና ጥቁሯ ሴት ልጅ እርስ በርሳቸው ቢዳቀሉ በሚቀጥለው ትውልድ ገብስማም ጥቁርም በሁለቱም ጾታ ተደባልቆ ስለሚወጣ ምልክቱ ይጠፋል። አርቢው ሁልጊዜ ሁለት ንጹሕ ዝርያዎችን ለየብቻ ማቆየት ግድ ይሆንበታል። ይህን የሚችል ሀብታም አርቢ ነው።

በዚያው ዘመን በጃፓን ፍጹም የተለየ መልስ ተገኘ። ኪዮሺ ማሱይ፣ ጁሮ ሃሺሞቶና ኢሳሙ ኦኖ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1920ዎቹ አጋማሽ ባሳተሙት ጥናት በጫጩቱ የኩስ መውጫ ውስጥ ከስንዴ ቅንጣት እጅግ የምታንስ እብጠት በወንዱ እንደምትገኝ ገለጹ። ጫጩቱን በግራ እጅ ይዞ፣ ኩሱን ቀስ አድርጎ አስወጥቶ፣ ቀዳዳውን በጣት ገልጦ በደማቅ መብራት መመልከት ያስፈልጋል። ጥናቱ በ1927 በካናዳ ኦታዋ በተደረገው የዓለም የዶሮ እርባታ ጉባኤ ላይ ከቀረበ በኋላ የውጭ አርቢዎች ጃፓናውያን ባለሙያዎችን ይፈልጉ ጀመር። ለዚህ ሙያ የተለየ ትምህርት ቤትም በጃፓን ተከፈተ። በደንብ የሠለጠነ ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ሺህ ያህል ጫጩት ይለያል፤ ከመቶ የሚሳሳተው ሁለት ቢሆን ነው። በጣም የሚያስደንቀው ግን ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚለዩ ሲጠየቁ በቃላት ለማስረዳት መቸገራቸው ነው። እብጠቷ በአንዳንድ ሴቶችም ላይ ስለምትታይ መምህሩ ከተማሪው አጠገብ ቆሞ «አዎ»፣ «አይደለም» እያለ በሺህ የሚቆጠር ጫጩት ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻ ዓይኑ ያውቃል። ባልሠለጠነ እጅ ግን ጫጩቱ ሊጎዳና ሊሞት ስለሚችል ማንም ተማሪ ይህን ለመሞከር እንዳይነሳ አደራ እንላለን።

በዚህ መካከል ፓኔት በካምብሪጅ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። የገብስማነት ጂን የሚሠራው በላባው እድገት ጊዜ ቀለሙን እየቆረጠ ነው። አንድ ጂን ያላት ሴት ቀለሟ ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ፣ ሁለት ያለው ወንድ ለረዥም ጊዜ ይቋረጥበታል። ንጹሕ ገብስማ አውራ ከገብስማዋ ሴት ነጣ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። እንግዲያው ምልክቱን ለማግኘት ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለምን አስፈለገ? በአንድ ዝርያ ውስጥ ወንዱ «ገ ገ»፣ ሴቷ «ገ» ብቻ ስለሆኑ ልዩነቱ ከትውልድ ትውልድ የሚዘልቅ መሆን አለበት። ችግሩ ያለው በጥቁሩ ላይ ነው። በፕላይማውዝ ሮክ ጫጩት ላይ ወንዱ ሰፊ፣ ሴቷ ጠባብ ነጥብ ቢኖራቸውም ልዩነቱ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ መካከለኛ ነጥብ ያላቸው ያሳስታሉ።

ፓኔትና ባልደረባው ማይክል ፒስ ይህን ጂን ከጥቁር ዶሮ ላይ አንስተው ቡናማ ጫጩት በሚፈለፍል ዝርያ ላይ አኖሩት። ለዚህ የመረጡት ካምፒን የሚባለውን የቤልጂክ ወርቃማ ዶሮ ነው። ከፕላይማውዝ ሮክ ጋር ደጋግመው አዳቅለው በ1929 «ካምባር» ያሉትን ዝርያ አወጡ። አንድ ጂን ያላት ሴት ጫጩት ቡናማ ቀለሟን ስትይዝ፣ ሁለት ያለው ወንድ ግን ውሃ እንደበዛበት ቀለም ደብዝዞና ነጣ ብሎ ይታያል። ለማንም ሰው፣ ለሕፃን ልጅ እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚለይ ዝርያ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያም በ1930ዎቹ ያንኑ ሥራ በቡናማው ሌግሆርን ላይ ደግመው «ሌግባር» የተባለውን አወጡ። የሌግባር ሴት ጫጩት በጀርባዋ ላይ ጥርት ያለ ጠቆር ያለ መስመር አላት፤ ዓይኗም የተኳለ ይመስላል። በወንዱ ላይ መስመሩ ደብዝዞ በጭንቅላቱ ላይ ነጭ ነጥብ ጎልቶ ይታያል። ሌግባር ክሬም የተባለው ዓይነት ከቺሊ የመጡ ዶሮዎች ደም ስላለበት ሰማያዊ እንቁላል ይጥላል።

በእኛ አስተያየት ካምባር ከጃፓኑ ዘዴ የሚበልጠው በትክክለኛነቱ አይደለም። በጃፓን እውቀቱ በሰውየው ጣትና ዓይን ውስጥ ስላለ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በካምብሪጅ እውቀቱ በዶሮዋ ላባ ላይ ተጽፎ ቀረ። ባለቤቷ ፊደል ባይቆጥርም ያነበዋል።

ታሪክ ግን ለተሻለው ሁሉ አይፈርድም። ካምባር እንቁላል በብዛት የሚጥል ስላልነበረ አልተስፋፋም፤ ሌግባርም በጥቂት ወዳጆች እጅ ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያውን የያዙት ትልልቅ ኩባንያዎች ሁለት ንጹሕ መስመሮችን ለየብቻ ማቆየት የሚችሉ በመሆናቸው የፓኔትን የመጀመሪያ ሐሳብ መልሰው አነሱት። በአገራችንም የሚታወቀው ቦቫንስ ብራውን የተባለው እንቁላል ጣይ ዲቃላ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሴቷ ጫጩት ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይፈለፈላል። ገበሬው ልጆቹን እርስ በርስ ቢያዳቅል ምልክቱም ምርቱም ስለሚበላሽ ሁልጊዜ ወደ ኩባንያው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ጾታው በመጀመሪያው ቀን መታወቁ በትልልቅ መፈልፈያዎች ዘንድ ወንዱ በመጀመሪያው ቀን እንዲገደል ምክንያት ሆኗል። እንቁላል አይጥልም፤ ሥጋውም ለሥጋ እንደተመረጡት ዝርያዎች ቶሎ አይደርስም። በዓለም ላይ በየዓመቱ እንዲህ የሚጠፉት ወንዶች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ጀርመን ይህን ድርጊት ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሕግ ከለከለች፤ ፈረንሳይም ተከተለች። ስለዚህ ጾታውን ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ የሚለዩ መሣሪያዎች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ በ13ኛው ቀን ገደማ በቅርፊቱ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የጽንሱን የላባ ቀለም ያነባል፤ ቡናማ ከሆነ ሴት፣ ነጭ ከሆነ ወንድ ነው። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም የሚያነበው ፓኔት አርቢዎች እንዲጠቀሙበት ያሳሰበውን ያንኑ የቀለም ውርስ ነው።

በእኛ አገር ግን ወንድ ጫጩት የሚጣል አይደለም። ለዘመን መለወጫ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ የደረሰ አውራ ዶሮ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የኛዋ እናት ጾታውን ማወቅ የምትፈልገው ስንቱን ለእንቁላል፣ ስንቱን ለበዓል ገበያ እንደምታሳድግ ለማቀድ ነው። በ1950ዎቹ በአለማያ እርሻ ኮሌጅና በሌሎችም ተቋማት የገባው ነጭ ሌግሆርን ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የተመቸ አልነበረም። እንቁላል ይጥላል እንጂ ለሥጋ ቀላል ነው፤ ጫጩቱም ወንድ ሴት ሳይል ሁሉም ቢጫ ነው።

ለዚህ የተሻለ መልስ የመጣው ከአፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ በፖቼፍስትሩም የእርሻ ኮሌጅ ክሪስ ማራይስ የተባለ ባለሙያ በ1950ዎቹ ጥቁር አውስትራሎርፕን፣ ነጭ ሌግሆርንንና ፕላይማውዝ ሮክን አዳቅሎ ኩኩክ የተባለውን ዝርያ አወጣ። ስሙ በአፍሪካንስ ቋንቋ የኩኩ ወፍ መጠሪያ ሲሆን የተሰጠውም በገብስማ መልኩ ምክንያት ነው። ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆን፣ በግቢ ውስጥ ጭሮ ማደር የሚችል ዶሮ ነው። ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እየተራባ በብዙ አካባቢዎች ለገበሬዎች ተሰራጭቷል። ኩኩክ ንጹሕ ዝርያ ስለሆነ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ አንድ የገብስማነት ጂን አላቸው። የአንድ ቀን ጫጩቶች በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ሲታዩ ወንዱ በጭንቅላቱ ላይ ሰፊና ጠርዙ የተበታተነ ነጭ ነጥብ አለው፤ ገላውም ግራጫ ያደላበታል። ሴቷ ጠቆር ትላለች፤ ነጥቧም ትንሽና ጠባብ ናት። ሲያድጉ ደግሞ አውራው ነጣ ያለ ገብስማ፣ ሴቷ ጠቆር ያለች ገብስማ ይሆናሉ።

ዶሮዎቹ በገበሬው ግቢ ከአገር ዶሮ ጋር ሲደባለቁ ግን የስፒልማን ሕግ እንደገና ይመጣል። ሰው ሁሉ ዝርያ ለማሻሻል ሲያስብ የሚገዛው አውራ ነው፤ አንድ አውራ ለብዙ ሴቶች ይበቃልና። የኩኩክ አውራ ከጥቁር የአገር ዶሮ ጋር ሲዳቀል ወንዱ «ገ ጥ»፣ ሴቷ «ገ» ይሆናሉ። ሁለቱም አንድ አንድ የገብስማነት ጂን ብቻ ስላላቸው ሁሉም ባለ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ፤ ምልክቱም ጠፋ ማለት ነው። የኩኩክ ሴት ከጥቁር የአገር አውራ ጋር ስትዳቀል ግን ባለ ነጥቡ ሁሉ ወንድ፣ ያለ ነጥብ የሆነችው ሁሉ ሴት ናት። ይህም ከንጹሑ ኩኩክ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰፊና ጠባብ ነጥብ ማመዛዘን ቀርቶ መኖርና አለመኖሩን ማየት ይበቃልና። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዶሮ ገዝተው፣ አንዷ «ይለያል»፣ ሌላዋ «አይለይም» ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻው በአገር ዶሮው በኩል ነው። ነጭ ወይም ፈዛዛ መልክ ያለው አውራ ነጥቡን ይሸፍነዋል። ብዙ የአገር ዶሮዎችም ከጥንት ጀምሮ ገብስማ ናቸው፤ ኩኩክ ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችን ለዚህ መልክ ስም ነበራቸው። መስመር ያለው አውራ ጂኑን ለሴት ልጆቹም ስለሚያወርስ ሒሳቡን ያበላሻል። ስለዚህ መስመር የሌለው ጥቁር አውራ መምረጥ ያስፈልጋል።

የዶሮ እርባታ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ይህን በራሳቸው ግቢ ሊፈትኑት ይችላሉ። የኩኩክ ሴቶችን ከሌላ አውራ ከለዩ በኋላ፣ ቀድሞ የተቀበሉት ዘር እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከጥቁሩ አውራ ጋር መደባለቅ ይገባል። ከ21 ቀን መታቀፍ በኋላ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ባለ ነጥቦቹ እግር ላይ ቀይ ክር፣ በሌሎቹ ላይ ጥቁር ክር ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ እግሩ ሲወፍር እንዳያንቀው በየሳምንቱ ይቀየር። ተማሪዎቹ ግምታቸውን በመዝገብ ጽፈው ለመምህሩ ያስረክቡና በስምንተኛው ሳምንት መዝገቡ ተከፍቶ ከዶሮዎቹ ጋር ይመሳከር።